«አባትህ በምን ሞቱ?» ባዩ ጋሽ ኤርካሎ

በየከተማው፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ስለ ሞትህ የሚያወራህ አንድ ሰው አይጠፋም። የሶዶው ክቡር አቶ ኤርካሎ ናቸው። ጡረታ ወጥተው የሕይወት መድን ወኪል ከሆኑ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ዘና ብሎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሠርግ ላይ ሙሽራውን «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብለውታል። ለቅሶ ቤት የሟችን ወንድም ጠጋ ብለው ዕድሜውን ጠይቀዋል። ጸሎት ላይ ሰባኪውን ሳል ቢይዛቸው፣ ጋሽ ኤርካሎ ከኋላ «ይሄም ይታሰባል!» አሉ፤ የመድኑ ዋጋ ላይ ማለታቸው ነው።

እኔም ባለቤቴ ብሩክታይት «ለልጆቹ ስትል መድን ግባ» ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ቤታቸው ሄድኩ። ዋጋ ጠይቄ የምመለስ መስሎኝ ነበር።

«አባትህ በምን ሞቱ?»

«በድንገት።»

«ድንገት በሽታ አይደለም። ልብ ነው? ግፊት ነው?»

«እኔ እንጃ። ደግሞ የምገባው እኔ ነኝ እንጂ አባቴ አይደሉም።»

«ይሄም ይታሰባል!»

ለሥራ ወደ በዴሳ በሞተር መመላለሴም ይታሰባል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዳጣ የምበላው ጥሬ ሥጋ ባይታሰብ እንኳ፣ ወገቤ ላይ የቀረው ይታሰባል። ጎረቤቴ ጥጋቡ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በየዓመቱ የሚከፍለው አረቦን ግን ለእኔ ከተገመተው ያንሳል። ግራ ገባኝ።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ ጤነኛ ከሆንኩ መድን ምን ያደርግልኛል? ከታመምኩ ደግሞ ታስወድዱብኛላችሁ። ታዲያ ይሄ ነገር ለማን ነው የተሠራው?»

«መጀመሪያ ግፊትህን ተለካ» አሉና ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ።

ነርሷ ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ። ከዚያ «ቁጭ ይበሉ» አለችኝ፤ ቁጭ ብዬ ነበር። ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል፤ እኔ ግን ራስ ምታት እንኳ አልነበረብኝም።

በዚያው ሳምንት ሌላ ወኪል «ጤነኛ ነኝ በልና ዛሬውኑ እንፈርም» አለኝ። ይህን ለጋሽ ኤርካሎ ብነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ዋሽተህ ፈርመህ ብትሞት፣ ብሩክታይት ልትቀበል ስትሄድ ምን ይሏታል? ባዶ እጇን ትመለስ?»

እሳቸውም አላስፈረሙኝም። «መድኃኒትህን ጀምር፣ ይውረድልህ፣ ያኔ እንነጋገራለን» አሉ። ኮሚሽናቸውን ትተው በየማለዳው እየመጡ በእግር ያስኬዱኝ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ የታሰርኩ መሰለው።

ከወራት በኋላ ግፊቴ ወረደ፤ ፈረምኩ። ዋጋው አሁንም ከጥጋቡ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ በደንብ አስረድተውኛል፤ አልገባኝም።

አንድ ማለዳ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎስ ስንት ይከፍላሉ?» አልኳቸው ለቀልድ።

«እኔን አልተቀበሉኝም» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «የልብ ሕመምተኛ ነኝ። በደህናው ጊዜ ሳልገባ ቀረሁ፤ አሁን ለፈጠነች የምተውላት የለኝም። ሌላው እንደኔ እንዳይዘገይ ነው የምጨቀጭቀው።»

ፈጠነች ባለቤታቸው ናቸው። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ ብለን ወረድን።

አሁን በማለዳ እሳቸው ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። ብሩክታይት «ፈርመህ የለም እንዴ፤ ደግሞ ወዴት ነው?» ትለኛለች። «መጣሁ» ብያት እወጣለሁ። ስደርስ ጋሽ ኤርካሎ ጫማቸውን አስረው፣ በሩን ከፍተው ቆመዋል።

«አርፍደሃል» ይሉኛል።