ዋስ ያጣ አባት

የአባት አእምሮ ያለው ወገቡ ላይ ነው፤ ቀበቶውን የፈታ ዕለት አእምሮውም አብሮ ይፈታል። "እኔን አይመለከተኝም" የምትሉ አባቶች ቆዩኝ፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ።

ጅግጅጋ ውስጥ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ሻይ ስጠጣ አንዲት ፍየል በፊቴ አለፈች። በጅግጅጋ መንገድ ፍየል ማለፏ ወግ አይሆንም። ይቺኛዋ ግን ወርቃማ ጥልፍ ያለው ቀይ ጨርቅ ተጎናጽፋ፣ ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች። "የማን ሙሽራ ናት?" ብዬ ልስቅ ስል... ጨርቁን አወቅኩት። ለአርብ ሰርግ፣ ለሙሽራዋ ድሪያ ቀሚስ የታዘዘ፣ አንድ ለእናቱ የሆነ ጨርቄ ነው። ከኋላ የስምንት ዓመት ልጄ ማህሌት መቀስ ይዛ እልል ትላለች።

"ምንድነው ይሄ?"

"እያገባች ነው አባዬ። ሚዜ የላትም፣ አንተ ትሆናለህ?"

ቀበቶዬን ፈታሁ። ልጄ እግሬ አውጪኝ ብላ ጎረቤታችን ኤዶ ሃዎ ቤት ገባች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ኤዶ ሃዎ የሰፈሩ ሁሉ አክስት ናቸው። በአንድ እጄ ቀበቶ፣ በሌላው ሱሪዬን ይዤ በራቸው ላይ ደረስኩ።

"ልጄን ይስጡኝ፣ ኤዶ።"

"እሷማ ማጋን ናት" አሉኝ፣ በር ላይ እንደቆሙ። "ሸሽቶ ቤቴ የገባን ሰው አሳልፌ አልሰጥም፤ ግመል የሰረቀም ቢሆን። ሽማግሌ ይዘህ፣ ዋስ ጠርተህ ና።"

"የወለድኳትን ልጅ በዋስ?"

"ስትወልዳት ቀበቶ ይዘህ ነበር?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኔ ነው። ጨርቁ ፍየል ላይ፣ ልጄ ሰው ቤት። ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ለሰናይት ብነግራት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ልትሸመግልልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ እሷም ኤዶ ሃዎ ቤት ገብታ ከልጇ ጎን ቁጭ ብላለች።

የሰፈሩን ሽማግሌ ሐጂ ኑርን ለምኜ ይዤ ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ።

"ሁለተኛ እጅህን ላታነሳባት ቃል ትገባለህ?" አሉኝ ሐጂ።

"እገባለሁ።"

"ዋስህ ማነው?"

ደረቴን ነፍቼ ወደ ሰናይት ጠቆምኩ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ በክፉም በደጉም አልለይህም ብላ በሰው ፊት የማለች ሴት ናት።

"እኔ ለሱ ዋስ አልሆንም" አለች።

"ሰናይት!"

"ብትታመም አስታምምሃለሁ፣ ብትራብ አብሬህ እራባለሁ። ለእጅህ ግን ዋስ አልሆንም። አምና በጥፊ ስትመታት 'ሁለተኛ አይለምደኝም' ያልከው ለእኔ ነው።"

እውነቷን ነው። ያኔ ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ አላነጋገረችኝም ነበር፤ እኔ ግን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አፈርኩ፣ ወዳጆቼ... መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ኑር ግቢውን ዙሪያውን ቃኙ። "ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን የለም?" የማውቃቸው ደንበኞቼ እንኳ ጥፍራቸውን ያያሉ። ያለ ልጄ ወደ ቤት መመለሴ ነው ብዬ ጫማዬን ፈለግኩ።

ከሰናይት ጀርባ አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ አለች።

"እኔ እሆነዋለሁ።"

"አንቺማ ከሳሽ ነሽ" አሉ ሐጂ።

"ታዲያ ምን ይሁን? ሌላ ሰው የለውማ።"

ግቢው በሳቅ አውካካ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፄ ትንሽ ከፍ ካለ ዋሴ ከተፍ ትላለች፦ "አባዬ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ እኮ።" ትናንት ደግሞ ሰናይትን ስቆጣ ሰማችና ክፍሏን ከፍታ ወጣች።

"ለእማዬ ሌላ ዋስ ፈልግ። እኔ ሁለት አልችልም።"

እየፈለግኩ ነው። ከእናንተ መሃል ፈቃደኛ ካለ ይምጣ፤ መጀመሪያ ግን ለእናንተስ ሚስታችሁ ዋስ ትሆን እንደሆነ ጠይቋት።