ሊቀ ጠርጣሪ እና የዘይቱ ወረቀት

በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ነገር የማያምን አንድ ሰው አለ። ሰዓት ይጠይቃችኋል፤ ስትነግሩት ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ ያጣራል። ዝናብ እየጣለ ነው ስትሉት እጁን በመስኮት ያወጣል። እንዲህ ያለውን ሰው አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ሥራ ገብቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውዬው ራሱ ነው።

የእኛው ጠርጣሪ የአውቶቡስ ድርጅታችን የሞተር ጥገና ኃላፊ ናቸው። ሹፌሮቹ “ሊቀ ጠርጣሪ” የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። እኔ ፊት ለፊት “ጋሼ” እላቸዋለሁ፤ ዞር ሲሉ በማዕረጋቸው እጠራቸዋለሁ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይውላሉ፤ ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ጥያቄም አለቻቸው።

“ጋሼ፣ ጎማው ተነፍቷል።”

“ማን አየው?”

“እኔ።”

“ከአንተ ሌላስ?”

ባለቤታቸው ደውለው ምሳ ደርሷል ቢሏቸው “ማን ቀመሰው?” ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ድምፅ “ከመጠን በላይ ጥሩ ሆነ” ብለው ሞተሩን ሦስት ቀን ሙሉ ፈታቱት። ምንም አልተገኘም። “ተሳሳቱ አይደል ጋሼ?” ብላቸው፣ “ምንም አለመኖሩን አሁን ገና አየን” ብለው መልሰው መግጠም ጀመሩ።

እኔ የጥገና ዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለውን መፈታታት ለማስቀረት ብዬ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስጀመርኩት እኔው ነኝ። ከየሞተሩ ትንሽ ዘይት በጠርሙስ ቀድተን ወደ ላቦራቶሪው እንልካለን፤ እነሱ ዘይቱ ውስጥ ምን ያህል ብረትና መዳብ እንዳለ ለክተው ወረቀት ይልኩልናል። ብረት ከበዛ ሞተሩ እየተበላ ነው ማለት ነው። ወረቀቶቹን በቀለም በቀለም ለይቼ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኳቸው። ሊቀ ጠርጣሪ መጥተው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

“ቆንጆ ነው” አሉ። “ግን ይሄ ወረቀት ስለ ዘይቱ ነው የሚያወራው። ሞተሩን ማን ጠየቀው?”

ተናደድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። ላቦራቶሪው እንጀራዬን ይነጥቀኛል ብለው ፈርተው ይሆናል አልኩ።

የአሥራ አራት ቁጥር ሹፌር ዝምተኛ ሴት ናት። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሮዬ መጣች። “መኪናዋ አቀበት ላይ ታንኳኳለች፤ ትንሽ ነው፣ ግን አልወደድኩትም” አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱን አሳየኋት። አረንጓዴ። “ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው ብሏል፣ እህቴ” ብዬ ሸኘኋት።

ሹፌሯ ከእኔ ቢሮ ወጥታ ወደ ሊቀ ጠርጣሪ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። የአሥራ አራት ቁጥርን የዘይት ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጠው ከፍተው፣ ውስጡን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተውታል። በእጥፋቶቹ መካከል የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ የሚያብለጨልጩ ስባሪዎች ተሰግስገዋል። ማግኔት አስጠጉበት፤ አንዱም አልተሳበም።

“ብረት ቢሆን ይሳብ ነበር። ይሄ ከብሮንዚኑ የተላጠ ነው” አሉ። ብሮንዚን ማለት የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱን፣ አቅፎ የሚይዘው ለስላሳ ግማሽ ክብ ነው።

እውነቱን ልናገር? የመጀመሪያ ሐሳቤ “እሳቸው ናቸው የጨመሩት” የሚል ነበር። ሰው በሌለበት ነው የቆረጡት። ማን አየ?

ቢሮዬን ዘግቼ ላቦራቶሪው ዘንድ ደወልኩ። ኬሚስቷ ራሷ አነሳች። ስባሪዎቹን ገለጽኩላትና፣ “ይሄ ሁሉ እያለ እንዴት ንጹሕ ነው አላችሁ?” አልኳት።

“ትልልቅ ናቸው? በዓይን ይታያሉ?”

“በደንብ።”

“እንግዲያው እኛ አናያቸውም” አለች፣ ምንም ሳታፍር። “መሣሪያችን ዘይቱን አቃጥሎ ከብርሃኑ ነው የሚያነበው። ደቃቁን ዱቄት ያነባል፤ ትልቁ ስባሪ በደንብ ስለማይቃጠል ያልፈዋል። እሱም ቢሆን ጠርሙሱ ውስጥ አይደርስም፣ ፊልትሮው ይይዘዋል። ለመሆኑ ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ቀኑ ነበር?”

መዝገቡን ገለጥኩ። ናሙናው የተቀዳው ዘይቱ በተቀየረ በአራተኛው ቀን ነው።

“ታዲያ አዲስ ዘይት ምን ያውቃል?” አለችኝ። “ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጽፈነዋል እኮ። ከሌላ ምርመራ ጋር ይታይ ይላል።”

አየሁት። ግርጌው ላይ ተጽፏል። ግድግዳው ላይ ስለጥፈው ፒን የሰካሁት እዚያው ላይ ነው።

የሞተሩ ሆድ ዕቃ ሲከፈት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ብሮንዚኑ እንደ አሮጌ ቀለም ተልጦ፣ ሥሩ ያለው ብረት ወጥቷል። አሥራ አራት ቁጥር በማግስቱ ጠዋት ሃምሳ ሁለት ሰው ጭና ያንን ረጅም ቁልቁለት ልትወርድ ነበር። ሞተሩ መሐል መንገድ ላይ ነክሶ ቀጥ ቢል መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ የፍሬኑም አየር መሙላቱን ያቆማል። ሹፌሯ ብሮንዚኑን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀና ብላም አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉም ሲሄድ ሊቀ ጠርጣሪ ዘንድ ቀረብኩ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ። ስባሪዎቹን እርስዎ ራስዎ የጨመሩ መስሎኝ ነበር።”

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ አጥልቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩኝ ሁሉ አዩኝ።

“እኔን ጠረጠርከኝ?”

“አዎ።”

“ደውለህስ አጣራህ?”

“አጣራሁ።”

ፊታቸው በራ። ልጁ ዲግሪ የጫነለት አባት ነው የሚመስሉት። “አንተ ልጅ፣ ሰው ልትሆን ነው!” ብለው ግራሶ በጠገበ እጃቸው ትከሻዬን መቱኝ። ሸሚዙ እስከ ዛሬ አልነጻም።

ባለፈው ወር የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወጡ። ጋራዡ ሰላም ሆነ። ያልኩት ሁሉ “እሺ” ተባለ፤ ያሳየሁት ወረቀት ሁሉ ታመነ። በአምስተኛው ቀን ጨነቀኝና ደወልኩላቸው።

“ጋሼ፣ ዕረፍት እንዴት ነው?”

“ለምን ጠየቅከኝ?”

“እንዲሁ፣ ደኅንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።”

“ሰው በዕረፍቴ እንዲሁ ደውሎልኝ አያውቅም። የደበቅከኝ ነገር አለ። ነገ እመጣለሁ” ብለው ዘጉት።

መልሼ ደውዬ ምንም የለም ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም።