የምላስ ቁስል ጥናትና ምርምር

ሕመም ሲመጣ ተራው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሮጣል፤ አስተዋይ ግን አስቀድሞ ያነባል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ከአስተዋዮቹ ወገን ነበሩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲያጨሱ የኖሩት እኚህ ሰው አንድ ጠዋት ጥርሳቸውን ሲያጥቡ ከምላሳቸው ጎን ነጭ ቁስል አዩ። ቢሮ እንደገቡ ማኅደሮቹን ገፋ አድርገው በስልካቸው «የምላስ ቁስልና ሲጋራ» ብለው ጠየቁ። «ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው» የሚል መልስ መጣ። አጭር ስለሆነ ጥልቀት ይጎድለዋል ብለው ጣሉት። ጥያቄውን አሻሻሉት፦ «የምላስ ቁስል ካንሰር አለመሆኑ በምን ይታወቃል?» አሁን ደህና ደህናው መጣ። ትኩስ ሻይ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳብ ማብዛትም ሊሆን ይችላል። ሐሳብ የሚያበዙ ሰው መሆናቸውን በትሕትና ተቀበሉ።

በሁለተኛው ወር ባለቤታቸው ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሐኪም ዘንድ አትሄድም እንዴ?»

«ጥናቱ አላለቀም።»

«ቁስሉስ አለቀ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታቻኩያለሽ።»

በሦስተኛው ወር ጥናቱ ፍሬ አፈራ። ሲጋራን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መተካት እንደሚበጅ የሚያስረዳ ጽሑፍ አገኙ። ጸሐፊው ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ራሱ በመሆኑ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብለው ይበልጥ አመኑት። እንጆሪ የሚሸተውን ገዙና አምስቱን አጫሽ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው «ጭስና እንፋሎት ቅል ለየቅል ናቸው» ሲሉ ገለጻ ሰጡ። አምስቱም አጨበጨቡ፤ አምስቱም ገዙ። መዝገብ ቤቱ ጭማቂ ቤት ጭማቂ ቤት ይሸት ጀመር።

በአምስተኛው ወር ውሃ መዋጥ ሲያቅታቸው ባለቤታቸው እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ምላሳቸውን አገላብጣ አየች።

«ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«አምስት ወር። ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ሳነብ ነበር።»

«ጎበዝ። ቁስሉ ግን አላነበበም።»

ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ሆነ። ከምላሳቸው ሩቡ ተቆርጦ ወጣ። አልጋው ላይ ሆነው ባለቤታቸውን ቀና ብለው ማየት አፈሩ፤ እሷም ትራሱን አመቻቸችላቸው።

ሠራተኞቹ ሊጠይቋቸው መጡ። ከመካከላቸው ማኅደር ጠራዡ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኔም ድዴ ላይ አንድ ነጭ ነገር አይቻለሁ» ሲል ሹክ አላቸው። ኃላፊው መናገር ስለተሳናቸው ወረቀት ተቀብለው በትልልቅ ፊደል ጻፉ፦ «ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

ጠራዡ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ፣ «ምንጩን ሳናጣራማ አይሆንም» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።