ኔትወርክ የዳራት ልጅ

ትንሿ ልጄ ሂክማ አንድ ቀን፣ አባቷ ድሬዳዋ ካለው ወንድሙ ጋር በስልክ ሲያወራ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «እማ፣ አባ እንዲህ የሚጮህ ከሆነ ስልኩ ምን ያደርግለታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አምስት ዓመቷ ነው። ሂጂ እጅሽን ታጠቢ አልኳት። እናት መልስ ባጠራት ቁጥር የልጅ እጅ ቆሻሻ ነው።

ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። እውነት ለመናገር፣ የዘመኑን ወንዶች እንደ ኔትወርክ የሚያስጮህ ነገር አላየሁም። ድሮ በኳስ ነበር የሚጣሉት። ኳስ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ ያልቃል። ኔትወርክ መች ያልቃል? ሰው ስለ ደመወዙ ሲጠይቁት ይሸሽጋል፣ ስለ ሕመሙ ሲጠይቁት አልሐምዱሊላህ ብሎ ያልፋል፤ ስለ ስልኩ ኔትወርክ የጠየቁት እንደሆነ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

የእኛ ቤት ክርክር በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ መጋዘን ይቆጣጠራል። እዚያ ኔትወርኩ ወለል ያለ ነው ይላል። ዘይቱና ስኳሩ ማንን ሊያነጋግሩበት እንደሆነ እንጃ። የምንኖረው ደግሞ እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 የሚባል ሰፈር፣ ግድግዳው አንድ ክንድ የሚሆን አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ የተከራየው ግድግዳው ሙቀት አያስገባም ብሎ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም አላስገባም፤ ኔትወርክም አላስገባም። ሙቀቱ ውሎ አድሮ በበሩ መግባት ለመደ፣ ኔትወርኩ ግን እስከ ዛሬ አልለመደም።

ታናሽ ወንድሙ ጀማል ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ስልክና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። እዚያ የስልክ ኩባንያው ሁለት ሆኗል፤ ነባሩና አዲሱ። ጀማል የሁለቱንም ሲም አንድ ስልክ ውስጥ ከቶ ይዞራል። ፍጥነት የሚለካበት ነገርም ስልኩ ላይ አለው፤ ሲደውል ሰላምታውን ሳይጨርስ ውጤቱን ይነግረናል። ጠዋት ከፍ ብሎ ነበር፣ ከቀትር በኋላ ወረደ፣ አሁን ደግሞ ተረጋግቷል እያለ። አንድ ጊዜ የደም ግፊቱን የሚነግረን መስሎኝ፣ አላህ ያሽርህ፣ ጨው ቀንስ ብዬዋለሁ።

እኛ ጋ ያለው ኩባንያ አንድ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በእጁ ባለ ነገር የሚኮራ ሰው ነው። ከባሕር ሥር የሚመጣው ገመድ የሚወጣው እኛ ደጃፍ ነው፣ እናንተ የምታዩት ቪዲዮ ሁሉ የእኛን በር አንኳኩቶ ነው የሚያልፈው ይለዋል ጀማልን። እሱም ድሬዳዋ መወለዱን በዚህ ሰዓት ይረሳዋል። ጀማል በበኩሉ፣ ኩባንያ አንድ ሲሆን ይሰንፋል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን በፉክክር ደንበኛውን ይንከባከባሉ ይላል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ማሰብ ይጀምራል። እኔ ይህን ማሰቡን አልወድለትም። እዚህ ቤት ውስጥ ለሃያ አራት ዓመት ያለ ተፎካካሪ ያገለገልኩ እኔ ነኝ፤ ስለ ሁለትነት ጥቅም እኔ ባለሁበት ብዙ ባይወራ ደስ ይለኛል።

የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ክርክር ሳይወድ በግድ አንዳንድ ነገር ገብቶኛል። ስፔክትረም የሚሉት በሰማይ ያለ መንገድ ነው፤ መንግሥት ሸንሽኖ ለኩባንያዎቹ ይሰጣል። ዝቅ ያለው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይበሳል፣ ነገር ግን ብዙ አይሸከምም። ከፍ ያለው ብዙ ይሸከማል፣ ግድግዳ ሲያይ ግን ይቆማል። ባለቤቴ ይህን እንዳስረዳኝ አማቴ ትዝ አሉኝ፤ አላህ ይማራቸው። ሹክ ያሉት ነገር ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ትልቋ ልጄ ነጃት ነርስነት ትማራለች። የቀራት አንድ ዓመት ነው፤ እሱም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚለማመዱት፣ እዚህ ስታዥ የሚሉት ነው። በዚህ መሀል ከድሬዳዋ ለትዳር ጠያቂ መጣ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ነጃትም ትወደዋለች፣ እኔም ወደድኩት። አባቱ ሐጂ ዩሱፍ ግን ሰርጉ ከሁለት ወር በኋላ ይሁን፣ ሙሽራዪቱም ወዲያው ድሬዳዋ ትግባ የሚል ሐሳብ አላቸው ተባለ። ለአራት ዓመት ሌሊት እየተነሳች የተማረችው ትምህርት አንድ ዓመት ሲቀረው ሊቀር ነው ማለት ነው።

ባለቤቴን፣ አንድ ዓመት ጠብቁን በላቸው አልኩት። ልጄን ፈልገው ሲመጡ ቅድመ ሁኔታ ብደረድር ያሳፍራል አለ። በኋላ ግን መላ አገኘ። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሯ በፊት ትጠየቃለች፤ ስትጠየቅ እሷው ራሷ ትናገር፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ያምራል አለ። ነጃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች። «እሺ ብያለሁ፣ ትምህርቴን ስጨርስ» የምትል ናት። ከዚህ የምታጥር አልተገኘችም። ድስት እያጠበች ተለማመደቻት።

ንግግሩ ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ በቪዲዮ እንዲሆን ተቀጠረ። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ቤቱን በኔትወርክ ቀየሰው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከክፍል ክፍል ዞረ። ኩሽና አንድ ሰረዝ፣ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት፣ ጣሪያ ላይ ከውሃ ታንከሩ ጎን ሦስት ተገኘ። ስለዚህ የልጄ ጉዳይ ጣሪያ ላይ ከታንከሩ ጎን ሆነ። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ስልኩን በሁለት ጡብ መሀል አቆምነው። ሰዓቱ ደግሞ ጫት ገብቶ ከተማው በሙሉ የሚደዋወልበት ሰዓት ነው። በየጣሪያው ኔትወርክ ፍለጋ የወጣ ጎረቤት ሞልቷል። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሐዋ የእሷን ጉዳይ ትታ ወንበሯን ወደኛ አዞረች፤ አማርኛ አትሰማም፣ ግን ልጅ ስትጠየቅ ለማየት ቋንቋ ምን ያስፈልጋል?

መስመሩ ተከፈተ። ድሬዳዋ ጀማል ስልኩን ይዟል፤ ሐጂ ዩሱፍና ሁለት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ የልጁ እናት እትዬ መይሙና ከኋላ ጥግ ላይ ናቸው። ሰላምታው ረዘመ። ዘመድ በየስሙ ተጠየቀ። ከዚያ ሐጂ ዩሱፍ፣ ቀና ሰው ናቸውና፣ ከልጅቷም ዘንድ እንስማ አሉ። ነጃት ሻሿን አስተካክላ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ልጄ፣ ይህን ነገር ወደሽዋል ወይ ብለው ጠየቋት።

ነጃት ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው። ሐዋ እንኳ ሰምታለች።

ስልኩ ላይ ግን ሐጂ ዩሱፍ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ሽማግሌዎቹ አይንቀሳቀሱም። አንዷ ዝንብ ብቻ ነበረች በማያው ላይ የምትሄደው፤ እሷም የእኛው ናት። ባለቤቴ ስልኩን አነሳው፣ ወደ ሰማይ ዘረጋው፣ ወደ ታንከሩ አስጠጋው።

ድሬዳዋ ያሉት በዚህ ጊዜ ምን እንዳዩ በኋላ ነው የሰማነው። የእኛም ምስል እነሱ ጋ ደርቆ ነበር። አንዲት ጨዋ ልጅ ሻሿን ለብሳ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። የእኛ ደንብ ደግሞ ያላገባች ልጅ ተጠይቃ ዝም ካለች እንደፈቀደች ይቆጠርላታል። ደንቡ ለሚያፍሩ ልጆች የተሰጠ እዝነት ነው፤ ለደረቀ ቪዲዮ የተሰጠ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ ግን ከዚህ በፊት እንዲህ ያማረ ዝምታ አይተው አያውቁም ነበር። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም ተባባሉ። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው አሉ። በቂ ጊዜ ጠበቁ፣ ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው፣ ነገሩን የሚያስረውን ፋቲሓ ቀሩ።

መስመሩ ሲመለስ ያየነው ሁሉም ፊታቸውን በእጃቸው ሲያብሱ ነው። አሚን ይላሉ። ባለቤቴ አሚን ሲባል ሰምቶ፣ እሱም አሚን ብሎ ፊቱን አበሰ። እኔም አልኩ። ዱዓ ላይ አሚን ሲባል ዝም የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ሐዋም ከማዶ ጣሪያ አሚን አለች። ከዚያ እልል ተባለ፣ ሰርጉ ከሁለት ወር በኋላ ነው ተባለ፣ መስመሩ ተዘጋ።

ነጃት ከምንጣፉ አልተነሳችም። «እማ፣ ተናግሬያለሁ አይደል?» አለችኝ።

«ተናግረሻል፣ ልጄ።»

ባለቤቴ ወዲያው ይደውላል ብዬ ጠበቅኩ። ደወለም። ከሁለቱ ወንድማማቾች ግን ማንም ልጅቷ ምን አለች ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄው የማን ኔትወርክ ደረቀ የሚል ሆነ። ባለቤቴ፣ እኛ ጋ ሦስት ሰረዝ ነበር ይላል፤ ጀማል፣ እኔ ጋ ሁለት ኩባንያ ነበር ይላል። ኤል ቲ ኢ የተባለው ፈጣኑ ነገር የት ድረስ እንደተዘረጋ፣ የማን ምሰሶ ለማን እንደሚቀርብ ተዘረዘረ። እኔ ሻይ አቀረብኩ፣ ብርጭቆ አነሳሁ፣ መግሪብ ሰግጄ ተመለስኩ፤ ገና ስፔክትረም ላይ ናቸው። መሀል ላይ ቀስ ብዬ፣ የነጃት አባት፣ የልጅቷስ ዓመት አልኩት። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ ፋቲሓ ተቀርቶ አሚን ካልን በኋላ በምን አፌ እመለሳለሁ አለኝ። ነጃት ሰማችው። ደብተሮቿን ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ስትከት አየኋት።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ለእትዬ መይሙና ደወልኩ። ምስል የለው ምን የለው፣ ድምፅ ብቻ። ከተማው ተኝቷል፣ ኔትወርኩ ሁሉ የእኔ ነው። እሳቸውም ከመስገጃቸው አልተነሱም ነበር። እንደ ወጉ ከተጠያየቅን በኋላ፣ ልጄ ትናንት ዝም አላለችም አልኳቸው፤ ያለችውንም ነገርኳቸው።

እትዬ መይሙና ሳቁ። «እኔስ ምን ላድርግ፣ እህቴ? ጀማል ነው እኮ። ልጅቷ ልትመልስ ስትል፣ ቆይ አዲሱን ኩባንያ ላሳያችሁ፣ ጥራቱን ታያላችሁ ብሎ ሲሙን ቀየረው። ያን ጊዜ ነው የደረቃችሁት።»

ሱብሓነላህ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እትዬ መይሙና ጨመሩልኝ። ለሙሽሮቹ የሚሠራው ቤት ገና ጣሪያ የለውም፤ ሐጂ ግን ለሰው ሁሉ በሁለት ወር ብለው ተናግረዋል፣ ከአፋቸው የወጣውን መመለስ ሞታቸው ነው። እሳቸውም አንድ ዓመት ቢገኝ ደስታቸው ነበር። በአምስት ደቂቃ ተስማማን። የቀረን ወንዶቹን የማያሳፍር ምክንያት መፈለግ ነበር፤ እሱንም ተባብለን ስልኩን ዘጋን።

ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በማር አቀረብኩለትና፣ እንዲያው ለራሴ እንደማወራ ሆኜ፣ ሰርጉን እኮ ዘመድ ሁሉ በቪዲዮ ነው የሚያየው፣ ትናንት ሰባት ሰው ያደረቀ ኔትወርክ ሦስት መቶ ሰው ፊት ቢደርቅ ምን ይባላል አልኩ። የማን ኩባንያ ነው የሚታማው አልኩ። ከዚያ ሻይ ቀዳሁ።

የጎረሰውን አላላመጠም። ስልኩን ይዞ ተነሳ። ለጀማል ደወለ፣ ጀማል ለሐጂ ዩሱፍ ደወለ። ሐጂ ባለቤታቸው ቁርስ ላይ ምን እንዳወሩላቸው እንጃ፣ ነገሩን ቀድመው ያሰቡበት ሆነው ተገኙ። ፀሐይ ሳይበረታ ባለቤቴ ኩሽና በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ፊቱ የትልቅ ሰው ፊት ሆኗል።

ሰርጉን በአንድ ዓመት አዘግይተነዋል አለኝ። ፈጣኑ ኔትወርክ በሁለቱም በኩል በደንብ እስኪዘረጋ ነው። ልጅቷም በዚያው ትማር፣ ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ። «ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ» አለ፤ «የስፔክትረም ጉዳይ ነው፣ ለአንቺ ለማስረዳት ይከብደኛል።»

አላህ እውቀት ይጨምርልህ አልኩትና የነጃትን የስታዥ ጋውን ለማጠብ ውሃ ቀዳሁ።