ጋሽ ታደሰና ኮሎኒያሉ ቤት

ቅኝ አለመገዛታችንን በሄደበት ሁሉ የሚያውጅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የኔው ጋሽ ታደሰ ናቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቤት ሊገዙ አብረን ሄደን፣ የቤት ኤጀንቱ «ይሄ ኮሎኒያል ነው» ሲላቸው ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ። ባለቤታቸው ከስንት ቤት በኋላ የወደዱት ቤት ነበር!

«ጋሼ፣ በቅኝ ዘመን የተጀመረ የቤት አሠራር ስም እኮ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ!

«ቅኝ ያልተገዛ ሰው ኮሎኒያል ውስጥ አይተኛም!»

ሻጯ ስለ ቅኝ ዘመን ሕንፃዎች የሚጽፉ ህንዳዊት ደራሲ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «እኛ አገር እንግሊዞቹ ሲወጡ ቤተ መንግሥታቸውን አላፈረስንም፤ ገብተን ተቀመጥንበት» አሏቸው ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረው።

ጋሽ ታደሰ ትንሽ አሰቡና ጫማቸውን ጠርገው ገቡ።

ዛሬ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉት እንዲህ እያሉ ነው፦ «ቅኝ አልተገዛንም፤ ኮሎኒያል ግን ገዛን!»