አንጀት አሳዳጊዋ የብርጓል

ከድግስ መሃል ተነሥቶ የሚሄድ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። አንዱ የምትወልድ ላም አለችው፤ ሌላዋ በሯን ሳትቆልፍ መውጣቷ ትዝ ይላታል። የእኛ ሰፈር ግን በዚህም ከደብረ ማርቆስ ሁሉ ይልቃል። የእኛዋ ክብርት ወይዘሪት የብርጓል የምትነሣው አንጀት ልታበላ ነው።

ቀልድ አይደለም። የብርጓል ተመራማሪ ናት። ከሰው አንጀት የተገኙ ሕዋሳትን በትንንሽ ኩባያ፣ በስስ ወንፊት ላይ ዘርታ ታሳድጋለች። ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ምግባቸው ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው እርስ በርስ ተያይዘው እንደ አንጀታችን ግድግዳ ይሆናሉ። ያኔ አንዴ ሻጋታው ከተለቀመለት፣ አንዴ ካልተለቀመለት በቆሎ የወጣውን መርዝ ከላይ ታፈስባቸውና ከወንፊቱ በታች ያለፈውን ትለካለች። እዚያ የተገኘው፣ በእኛ ሆድ ቢሆን ኖሮ ወደ ደም ሊገባ የሚችለው ነው።

ይህን ሁሉ ጠይቄ ያወቅሁ እንዳይመስላችሁ። ይታያል የምባል ጎረቤቷ ስለሆንኩ ነው።

አንድ ጊዜ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ላይ ጠላው ገና ሲቀዳ ብድግ አለች።

«ወዴት ነው ልጄ?» አሏት ቄስ ገብረ ኪዳን።

«አባ፣ ልጆቼ አልበሉም።»

ያላገባች ልጅ! ሁላችንም ዞረን አየናት። ነገሩን አስረድታ ስትጨርስ ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «የራሴ አንጀት ሊቆረጥ ነበር!»

ቆሎ ካቀረባችሁላት ደግሞ ትለቅማለች። የሻገተውን፣ የጠቆረውን እያወጣች ፊታችሁ ታስቀምጠዋለች። «ተይው፣ ያለፈው አለፈ» ብትሏት፣ መልሷ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ምን ያህል አለፈ?»

ባለፈው ጥር ሠርጓ ደረሰ። ሙሽራው እንዳላማው የሚባል የሮብ ገበያ ከተማ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ የመስኖ ባለሙያ። እሑድ ጠዋት ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ሙሽሪት የለችም። እናቷ ደረታቸውን ደቁ። «ጠፋች! አዋረደችኝ!» እንዳላማው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ ይታያል» አለኝ በቀስታ፣ «አትወደኝም ነበር ማለት ነው?»

እኔ ግን የት እንዳለች አላጣሁትም። «ና፣ ተከተለኝ» አልኩት።

በምትሠራበት ቤተ ሙከራ መስታወት በኩል አየናት። ቬሎዋን ለብሳለች፤ በላዩ ነጭ ጋውን ደርባለች፤ እጇ ላይ ጓንት።

«የብርጓል!»

«እንዳላማው፣ በማርያም ትንሽ ታገሠኝ» አለች ሳትዞር። «ግድግዳው ጥብቅ ያለልኝ ገና ትናንት ነው። ዛሬ ካልለካሁት የዓመት ድካሜ ገደል ገባ።»

«እኔ የተውሽኝ መስሎኝ…»

ይኼኔ ዞረች። «አንተን? አንተን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። በጓንቷ እንዳትጠርገው ደግሞ ፈራች።

የእንዳላማው ፊት ተፈታ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሚዜዎቹን ጠራቸው። እነሱም የጎጃም ልጆች ናቸውና ዝም ብለው አልጠበቁም፦

«አንጀት አሳዳጊ መቼ አንጀት አላት፣
ሙሽራው ደጅ ቆሞ ከጧት ሲጠብቃት!»

የጥበቃ ሠራተኛዋ ልታስቆማቸው መጥታ እሷው ታጨበጭብ ጀመር። ዘፈኑ እንደ ደራ በሩ ተከፈተ።

«ካልተለቀመው በቆሎ ብዙ ነው ያለፈው! ከተለቀመው ግን ኢምንት ነው! ኢምንት!» ብላ ጮኸች ሙሽሪት።

ሚዜዎቹ ምን እንዳለፈ ሳያውቁ ጭፈራውን አቀለጡት። የጥበቃ ሠራተኛዋ እልል አለች። እንዳላማው ጋውኑን አውልቆላት፣ የቬሎዋን ጫፍ ከፍ አድርጎ ይዞላት ወጡ።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ድንኳኑን ያራግበዋል። የሙሽራው እናት እማማ እስከዳር ደጅ ቆመው ኖሯል።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ነካችሁ? ቀኑን ፈጃችሁት እኮ!»

ሙሽሪት አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ጀመርኩ። መዳፌን ወንፊት አደረግሁ፤ ጣቶቼን አጣምሬ ግድግዳውን ሠራሁ፤ መርዙን ከላይ አፈሰስኩ፤ የለቀመ ቤተሰብ ምን እንደሚያተርፍ አስረዳሁ። ማን እንደጠየቀኝ እንጃ፤ ላቆም ግን አልቻልኩም። «ምራትዎ ይህን ነው ስትሠራ የዋለችው» አልኩ፣ ራሴ የሠራሁት ይመስል ደረቴን ነፍቼ።

እማማ እስከዳር እስክጨርስ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም የብርጓልን ጉንጮቿን ይዘው አገላብጠው ሳሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምኗ ነህ?»

ጎረቤቷ ልል ነበር።

«ታላቅ ወንድሟ ነኝ» አልኩ።

ሙሽሪትም አላስተባበለችም።