የሙሽራዋ መኪና ፍሬቻ

በልጄ በትርሲት ሠርግ ዕለት፣ ገና በጠዋቱ፣ ሕልም አየሁ። በሕልሜ አሮጌዋ መኪናዬ እኔን ለዓመታዊ ምርመራ ወስዳኝ ነበር።

የተሰለፉት መኪኖች ናቸው። እያንዳንዷ መኪና አንድ ሰው በገመድ አስራ ትጎትታለች። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሰዎች መኪና አዝለው ይሮጣሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሚኒባስ አዝሎ፣ "ሞልቷል! ሞልቷል!" እያለ አጠገቤ አለፈ። ምን እንደሞላ አልገባኝም።

"ያንቺው ምን ሆነ?" አለች ከፊታችን የቆመች የጭነት መኪና።

"መብራቱ ነው" አለች የኔዋ፣ በጎን እያየችኝ። "ፍሬን ሲይዝ ፍሬቻው ይበራል፣ ግራ ሲያሳይ ሁለመናው ይርገበገባል። ቀለም ከተቀባ ወዲህ ጤና የለውም።"

በእውኑ ቀለም ያስቀባኋት እኔ ነበርኩ። ትርሲት ከተወለደችበት ሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በዚህችው መኪና ነው፤ ለሠርጓም በዚህችው ራሴ ነድቼ እንደማወጣት ቃል ገብቼላታለሁ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ነጭ አስቀባኋት። ከዚያ ወዲህ መብራቷ ተቃወሰ። የሙሽራው ወገኖች ይህን ሲሰሙ ሊሞዚን ተከራዩ፤ እስከ ሠርጉ ጠዋት ካልተስተካከለች ልጄ በሊሞዚኑ እንድትሄድ ተስማማን። በሕልሜ ግን ነጩ ቀለም ያለው እኔ ላይ ነበር። ጥፍሬና ቅንድቤ ሳይቀር ተቀብቷል።

ተራችን ደረሰ። መርማሪው ትናንት ለሠርጉ ያረድነው ሰንጋ ነበር። ቱታ ለብሶ መነጽር አድርጓል። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እሱ ቂም የያዘ አይመስልም።

"ኮፈን ክፈት" አለኝ።

የኮቴን ቁልፎች ፈታሁ።

"ግራ ፍሬቻ!"

ግራ ዓይኔን ልጠቅስ ስል ሁለቱም ጆሮዎቼ ቦግ እልም አሉ።

"ፍሬን ያዝ!"

ቀድሞም ቆሜያለሁ። እንደገና ቆምኩ። ጥርሴ በራ።

"ረጅሙን መብራት!"

እንባዬ መጣ።

"ይሄ ግንባሩ ላይ ቦሎ አይለጠፍለትም" አለ ሰንጋው። "ሙሽራ ማሳፈርም አይችልም።"

መኪናዬ በሐፍረት መስታወቶቿን አጠፈች። በዚህ መሀል ሊሞዚኑ ከረባት አስሮ፣ በኋላ ጎማዎቹ ቆሞ ገባ። በፊት ጎማዎቹ ሕፃን ታቅፏል። ትርሲት ናት። የአንድ ቀን ልጅ፣ ከሆስፒታል ባመጣኋት ቀን በተጠቀለለችበት ቢጫ ብርድ ልብስ፣ ቬሎ ግን አድርጋለች።

"አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቅህ?" አለችኝ በትልቅ ሰው ድምፅ።

ጠብቂኝ ልላት አፌን ስከፍት ክላክስ ጮኸ። ደግሜ ሞከርኩ። ክላክስ። ሊሞዚኑ ሰዓቱን አየና እጅ ነስቶኝ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሰንጋው ጉልበቴን በቀንዱ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ።

"ማሳ አልያዘም" አለ።

"ምን ማለት ነው?" አለችው መኪናዬ በእኔ ፋንታ።

"መብራት ሲገባ መመለሻ ይፈልጋል። መመለሻው ብረት ለብረት መነካካት ነው። የዚህ ሰውዬ መመለሻ ተዘግቷል፤ ስለዚህ የገባው ሁሉ በጎረቤት በኩል ይወጣል። ፋቁት!"

የተሰለፉት መኪኖች ሁሉ ተረባርበው ጉልበቴን ይፍቁት ጀመር። ኪርር፣ ኪርር፣ ኪርር። አላመመኝም፤ ይልቅ ይኮረኩራል። ከዚያ ግራ ዓይኔ በራ። ግራው ብቻ! "ትርሲት!" አልኩ፣ በራሴ ድምፅ። ሊሞዚኑ ቆመ። ልጄ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ጨለመ።

መስታወት ተንኳኳ። ነቃሁ። ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሼ፣ ግቢያችን በር ላይ በቆመችው መኪናዬ ውስጥ፣ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለካ መብራቱን ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሽ ገብቼ እንቅልፍ ጥሎኛል። ውጭ የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሸምሱ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

"ቀለሙ ነው ጋሼ" አለኝ ተክዞ። "ቀቢዎቹ የመብራቶቹን ብሎን ሥር ሁሉ ቀብተውታል፤ ማሳ ከየት ያግኝ? ፍቄ መልሼ አስሬዋለሁ። ሁሉም በየቦታው ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ተመስገን! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

"ባትሪው አለቀ። መብራቱን ሁሉ አብርተው፣ እግርዎን ፍሬን ላይ ጭነው ነው የተኙት።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትቀሰቅሰኝም?"

"ፍሬን የሚይዝልኝ ሰው እፈልግ ነበር" አለ ሸምሱ። "እርስዎ ተኝተውም በደንብ ይዘውልኛል።"

የኋላው በር ተከፈተና ትርሲት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ሙሽራውን ጎትታ ገባች። "ተስተካክላለች ተብሏል፤ እኔ ከዚህ አልወርድም" አለች። ሚዜዎቹ ተያዩ። ኮታቸውን አውልቀው ሊሞዚኑ ውስጥ ወረወሩና ከኋላችን ሆነው መግፋት ጀመሩ። መኪናዬ ተንቀሳቀሰች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተወው። ኮቶቹን ያሳፈረው ሊሞዚን በቀስታ ተከተለን።

"አባዬ፣ መብራቱ ሠራ አይደል?" አለችኝ ትርሲት ከኋላ።

"ሠራ ልጄ" አልኳት።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ግራ ፍሬቻ ሰጠሁ። ምንም የለም። መስኮቱን አውርጄ ግራ እጄን ዘረጋሁ።